ሽማግሌው በፖከር ጠረጴዛ

ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው፤ መደበቂያ ፊት የተሰጠው ግን ጥቂቱ ነው። አንዳንዱ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እያለ ሻዩን ያማስላል። እኔ ደግሞ ሻዩ ስኳር ካነሰው ፊቴ ለጎረቤት ያወራል። ባለቤቴ አስቴር ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ «የት ነበርክ?» ብላ መጠየቅ ትታለች። ዝም ብላ ታየኝና መልሱን ታነባለች። ይህ ጠባይ ለትዳር ምን ያህል እንደሚመች ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። ለሽምግልና ግን ጭራሽ አይሆንም።

ሽምግልናን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ያለው አብነት የሚባል፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ የማየው ልጅ ሕይወት የምትባል ልጅ ወዶ ሊሞት ነው። እሷም ወዳዋለች። ጣጣው አባቷ ናቸው። ሮዘተንቪል የሚኖሩት አቶ ገብረየስ ልጁ የላካቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋል። መጀመሪያ «ልጅቷ ገና ናት» አሉ፤ ልጅቷ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ነበር የቀራት። ቀጥሎ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኳስ ውርርድ ቤት ሲገባ ታይቷል የሚል ወሬ ደረሳቸውና «ቁማርተኛ ልኮ ልጄን የሚጠይቅ ሰው ቤቴን አይረግጥም» ብለው በሩን ዘጉት። ለሦስተኛ ጊዜ ከመለሱን አበቃ። ሕይወት «አባቴን አስቀይሜ አላገባም» ብላለች፣ ቁርጥ አድርጋ።

«ጋሼ መላኩ» አለኝ አብነት እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ፤ «እርስዎ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነዎት፣ የተከበሩ ሰው። እሑድ እርስዎ ካልመሩልኝ አለቀልኝ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

እሺ ካልኩ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አባትየው «ልጁ ወረቀት አለው ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝስ? የአብነት የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ላይ ነው። እድሳት ላይ ማለት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ የወረፋውን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። አፌ «አዎ፣ አለው» ሲል ፊቴ ደግሞ የራሱን ሊናገር ነው። ጭንቀቴን አብሮኝ ለሚሠራው ለሲፖ ነገርኩት። እሱ የዙሉ ልጅ ነው፤ ሽምግልናችን ሎቦላ ከሚሉት የጥሎሽ ድርድራቸው ብዙም ስለማይርቅ ለማስረዳት አልተቸገርኩም። ከት ብሎ ሳቀና «ፊትህን መግራት ከፈለግህ ቅዳሜ ካዚኖ ሄደህ ፖከር ተጫወት፤ ካርታው ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው እዚያ ይበላል» አለኝ።

ፖከርስ እችላለሁ። ስልኬ ላይ ስንት ወር ሙሉ ሰው ሳሸንፍ ከርሜአለሁ። ስልክ ግን ፊት አያይም።

ለአስቴር «የመድኃኒት ቆጠራ አለብኝ» ያልኳት ደውዬ ነው፤ ፊት ለፊት ብላት ኖሮ ከበሩም አላልፍም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሺህ ራንዴን በገንዘብ ፈንታ በሚጫወቱበት ባለቀለም ቺፕ ለውጬ ጠረጴዛው ላይ ተሰየምኩ። ስምንት ሰው፣ ስምንት ድንጋይ ፊት። ካርታ የምታድለው ልጅ ሁለት ሁለት ካርታ በጨርቁ ላይ እያንሸራተተች ትሰጣለች። ሰው ሁሉ በጥፍሩ ጫፍ ገለጥ አድርጎ ያያል። እኔ እጅ ነስቼ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አስተዳደጌ ነው፣ ምን ላድርግ! በሦስተኛው ዕደላ ላይ ጎኔ የተቀመጠው ወጣት «ባባ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ» አለኝ።

እንዲህ እያላብኩ ሳለሁ አንድ አዛውንት መጥተው ፊት ለፊቴ ያለውን ክፍት ወንበር ሳቡ። ባርኔጣ አድርገዋል፣ ጥቁር መነጽር ሰክተዋል፣ ግን የአገሬ ሰው መሆናቸው አልጠፋኝም። ሳላስበው ብድግ አልኩና «ኖር!» አልኩ። ጠረጴዛው ሁሉ ዞረብኝ። አዛውንቱ ክው ብለው ቀሩ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ አልገባኝም። እኔ ሱዳናዊ ነኝ» አሉ። አፍሬ ተቀመጥኩ። ሱዳንም የተከበረ አገር ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ጥቂት እየወሰድኩ፣ ብዙ እየሰጠሁ ቆየሁ። ከዚያ ሁለት ንጉሥ መጣልኝ። ልጅቷ መሐል ላይ ሦስት ካርታ ስትዘረጋ ከመካከላቸው አንዱ ሌላ ንጉሥ! እናንተዬ፣ ፊቴ በራ። ጥርሴን መክደን አቃተኝ፣ ጆሮዬ ጋለ፣ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር መደነስ ጀመረ። አጠገቤ ያሉት ፊቴን አይተው ካርታቸውን አንድ በአንድ ጣሉ። ሱዳናዊው ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ ሲገባኝ፣ እንዲህ በአደባባይ የሚደሰት ሰው ባዶ እጁን ሆኖ ያለው እያስመሰለ ነው ብለው ነበር። ያላቸውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሐል ገፉት። እኔም ገፋሁ። ካርታው ተገለጠ።

«ወይኔ ጉዴ!» አሉ ሱዳናዊው።

በጥርት ያለ አማርኛ።

ደስታዬ እዚያው ደረቀ። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው ኪሳቸውን አራግፌ! እኛ ሰፈር ካርታ ስንጫወት ያሸነፈ የተሸነፈውን ባዶ ኪሱን አይሸኝም፤ ቢያንስ የታክሲ ይሰጠዋል። የማይሰጥ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ስለዚህ ከክምሩ ላይ አፈስ አድርጌ ወደ እሳቸው ገፋሁና «ለታክሲ ይሁንዎት፣ አባቴ» አልኩ።

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ!» አለች ካርታ አዳይዋ እጇን አንስታ። ሱፍ የለበሰ ተቆጣጣሪ መጣ። ለካ ቺፕ ለሌላ ተጫዋች መስጠት ተመሳጥረው ይጫወታሉ ያስብላል። «ትተዋወቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ሰዎች ከሌላው ጠረጴዛ ሳይቀር አንገታቸውን አሰገጉ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው «ይህን ሰው በሕይወቴ አይቼው አላውቅም» አሉና እያጉረመረሙ ወጡ። ቺፑ ወደ እኔ ተመለሰ፤ ማስጠንቀቂያም ተጨመረልኝ። አሸንፌ እንደዚያን ቀን አንገቴን ደፍቼ የወጣሁበት ጊዜ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሁለት ሽማግሌ ባልደረቦቼ ጋር ሮዘተንቪል ደረስን። አብነት ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ መኪናው ውስጥ ጥፍሩን እየበላ ቀረ። በሩን አንኳኳን። አባትየው ራሳቸው ከፈቱ።

ባርኔጣ የለም። መነጽር የለም። ሰውየው ግን ሰውየው ናቸው።

በቁሜ ደነዘዝኩ። የልጁ ነገር አለቀለት፣ የጨረስኩትም እኔ ነኝ አልኩ በሆዴ። ባልደረቦቼ ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። ከኩሽናው በር ጀርባ የቀሚስ ጫፍ ይታያል፤ ሕይወት ናት፣ እስትንፋሷን ይዛ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አልማዝ እኔንና ባላቸውን ተራ በተራ አዩና «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አሉ።

«የት አውቀዋለሁ!» አሉ አቶ ገብረየስ።

«ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አልኩ እኔ።

ፊቴ በዚያች ሰዓት ምን ይል እንደነበር እግዜር ይወቀው። የእሳቸው ግን የኖራ ግድግዳ ነው። ምላሴ እየተሳሰረ «ልጅዎን ለልጃችን…» ብዬ ጀመርኩ። ባልደረቦቼ እሳቸው «ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ሲሉ የሚያቀርቡትን ልመና አዘጋጅተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ገና የአብነትን አባት ስም ሳልጠራ አቶ ገብረየስ እጃቸውን አነሱ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ።

«ምን?» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

«ሰጥቻለሁ አልኩ እኮ! ተቀመጡ። ሰርጉ መቼ ይሁን?»

ከኩሽና እልልታ ፈነዳ። ሕይወት ወጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች፣ እያለቀሰች። አብነት እልልታውን ከመንገድ ሰምቶ ኖሮ መኪናውን ሳይዘጋ እየሮጠ ገባ። ደስታው እኔንም አስለቀሰኝ፤ እውነቴን ነው። ወይዘሮ አልማዝ ጠጋ ብለው «ሠላሳ አምስት ዓመት ባንድ ቃል እሺ ያላለኝን ሰው ምን አድርጋችሁት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የእግዜር ሥራ ነው አልኩ።

እናንተ ግን ወገን ናችሁ፣ አልደብቃችሁም። ሰውየው የፈሩት እንዳልናገርባቸው ነው። ምን ብዬ ልናገር? «ቅዳሜ ካዚኖ አይቻቸዋለሁ» ብል «አንተስ ምን ትሠራ ነበር?» የሚለውን ማን ይመልስልኛል? አስቴር መድኃኒት እየቆጠርኩ እንደዋልኩ ነው የምታውቀው። እሳቸው ዝም ብለው «ሳምንት ተመለሱ» ቢሉ ኖሮ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይዤ እጠፋ ነበር እንጂ ያንን በር ሁለተኛ አላንኳኳም። እጄ ላይ ምንም አልነበረኝም።

ወሬው ጆሃንስበርግን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ዛሬ «በአንድ ቀን የሚያስጨርሰው ሽማግሌ» እኔ ነኝ። ከካትሌሆንግ ሳይቀር ሦስት ቤተሰብ ደውሎልኛል። ሁሉንም በትሕትና እምቢ ብያለሁ። የእነዚያ ልጆች አባቶች ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደሚውሉ በምን አውቃለሁ?