ምንም አይደል የተባለው መጋረጃ

እኛ ዘንድ በግ ታርዶም ቢሆን እንግዳ የሚጠራው «ምንም የለም፣ እንዲያው ባዶ ነው፣ ቅመሱ» ተብሎ ነው። እንግዳውም ሞኝ አይደለም፤ ምንም የለም ሲባል እጁን ሊታጠብ ይነሳል። ሙያ የሚወደሰው በጎራሹ አፍ ነው፤ ሠሪዋ ራሷን ካወደሰችማ ወጡ ጎረና። እናንተም ቤት እንዲሁ ነው፤ አትሸፋፍኑ።

አክስቴ ለማለት «አዳዳ» የምትለኝን የወንድሜን ልጅ ሀዊንም በዚሁ ወግ ነው ያሳደግኳት። ሰበታ ካለ ኮሌጅ ዲዛይን ትማራለች። ለባጃጅ የዝናብ መጋረጃ ሠራች፤ ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት የሚዘረጋ፣ ውሃውን ጭን ላይ ሳይሆን ደጅ የሚያፈስ። የዓለም ገናው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ባጃጃቸው ላይ ገጥመውት፣ ዝናብ ሲጥል ሰው ሌላውን ባጃጅ እያሳለፈ እሳቸውን ይጠብቃል።

ኮሌጁ ደግሞ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለነጋዴ ማስረዳት ይልመዱ ብሎ ውድድር አዘጋጀ፤ ፒች ይሉታል። ሽልማቱ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ሀዊ የምትሰፋው በጎረቤት መኪና ነው፤ ባለቤቲቱ ልትሸጠው ገዢ እያፈላለገች ነው። እንግዲህ አስቡት።

ነጠላዬን አጣፍቼ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ ወጥቶ «የአፍሪካን ገበያ እንቀይራለን» አለ። ምን ሠርቶ? ሥዕል። ጃንጥላ የሚመስል ነገር ሥዕል። ተጨበጨበለት። የእኔዋ አንገቷን ደፍታ፣ «ትንሽ ነገር ናት፣ ብዙም አትረባ ይሆናል» ብላ ጀመረች። ጨዋ ልጅ ብዬ አጠገቤ ያለችውን ሴት በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ከረባት ያሰረው ዳኛ ግን «አንቺ ያላመንሽበትን እኛ እንዴት እንመን?» አላት። መኪናው ለሥዕሉ ሄደ።

ደሜ ፈላ። ይሄ ሰውዬ እናቱ ቤት «ምንም የለም» ሲባል ጦሙን ነው የሚያድረው?

ስንወጣ ዶፍ ወረደ። ኦቦ ገመቹ ሊወስዱን ቆመዋል። ገና ከመቀመጣችን ባለከረባቱ ዳኛ እየሮጠ አጠገባችን ገባ። እኔ ስድቤን ማሰማመር ጀመርኩ። መጋረጃው ተዘረጋ፤ ሰውዬው ሱሪውን ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

«ይቺው ናት እንዴ?» አለ ወደኔ ዞሮ። «ወንድሜ ባጃጆች አሉት። ትሆነው ይሆን፣ እትዬ?»

ያ ሁሉ ስድብ የት እንደገባ እንጃ። «ኧረ ምኗ ይሆናል፣ እንዲያው ጨርቅ ናት» አልኩት።

ሀዊ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። «አዳዳ፣ ተይ እስቲ። ትሆነዋለች ጋሼ፤ ከዚች የተሻለ መጋረጃ ሰበታም ቡራዩም የለም።»

ሰውዬው ስልክ ቁጥሯን ተቀበለ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ጉራ!

ጎረቤታችንን መኪናዋን ለጊዜው እንዳትሸጥ ለምኛታለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ላገኘሁት ሁሉ፣ ከዚች የተሻለ መጋረጃ ሰበታም ቡራዩም፣ ሱሉልታም የለም እያልኩ ነው። ሱሉልታን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ነውር የለውም፤ ሠሪዋ እኔ አይደለሁማ።