አንዴ ብቻ ልያት

በየኮንዶሚኒየሙ ብሎክ፣ በሩን ቆልፎ መቆለፉን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ብሎክ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተው ናችሁ ማለት ነው። ለእኛ ለጀሞዎቹ ግን ተራ ጠርጣሪ አይደለም የደረሰን፤ ክቡር የበርና የቧንቧ ጉዳዮች ሚኒስትር ጋሽ ሙሉሰው ናቸው።

ክቡርነታቸው በራቸውን ይቆልፋሉ፣ ይገፏታል፣ ደረጃውን ይወርዱና "አንዴ ብቻ ልያት" ብለው ይመለሳሉ። በሯን እንደ ልጃቸው ነው የሚጠሯት። ታክሲ ገብተው፣ ሒሳብ ከፍለው፣ ገና ከጀሞ ሳንወጣ "ወራጅ አለ!" ይላሉ። ረዳቶቹ ስለለመዷቸው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይለቁላቸዋል።

እኛ ጎረቤቶች ታዲያ ሞኞች አይደለንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ከፍቶ፣ ደረቅ መሆኑን አይቶ፣ እንደተከፈተ ትቶት ሥራ መሄድ የሁላችንም ሙያ ነው። ቀን ላይ ውሃው ሲመጣ የታችኛው ቤት ምንጣፍ ይዋኛል። ስለዚህ ትርፍ ቁልፋችንን ለጋሽ ሙሉሰው ሰጠናቸው። እሳቸውም እየዞሩ ይዘጋሉ፤ ተመልሰው መዘጋቱን ያያሉ። "እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው የት ይገኛል!" እያልን ተዝናንተን እንውላለን።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማናዬ ግን ስቀው አያውቁም። አንድ ልጃቸው ናዝሬት፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለ አዳራሽ ስትዳር፣ የገባችው ያለ አባት ነው። ጋሽ ሙሉሰውን ላመጣቸው ስመለስ ሱፋቸውን ለብሰው፣ መዳፋቸው ተልጦ፣ የበሩን እጀታ ይዘው ቆመዋል።

"መቆለፏን አውቃለሁ እኮ" አሉኝ እያለቀሱ። "ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም።"



ሐኪሙ "ኦሲዲ" አለው፤ አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ ያንኑ ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም። መድኃኒቱም፣ የምክር ሕክምናውም፣ ጠበሉም ለዓመታት ተሞክሮ አልያዘላቸውም። በመጨረሻ ውጭ አገር የአንጎል ቀዶ ሕክምና እንዳለ ተነገራቸው፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ብቻ የሚሞከር፣ እሱም ቢሆን ለሁሉም የማይሠራ።

ብሎኩ ተሰበሰበ። "ጭንቅላት እንደ ቆጣሪ ይከፈታል እንዴ?" ተባለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ኢታና ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ "ጤናቸውን እንመኛለን" አሉ። "ግን እሳቸው ከዳኑ ቧንቧችንን ማን ሊዘጋልን ነው?"

አጨበጨብን። እግዜር ይቅር ይበለን።

ወይዘሮ ማናዬ ቁልፎቻችንን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። "በሉ፣ የየራሳችሁን አንሡ። ናዝሬት አርግዛለች። ይሄ ሰው የልጅ ልጁን ክርስትና እንኳ ሳያይ ሊቀር ነው?"

ሁሉም አቀርቅሮ ቁልፉን ለቀመ። እኔ የኔን ረስቼው ወጣሁ።

ጋሽ ሙሉሰው ሄደው፣ ቀዶ ሕክምናውን አድርገው ተመለሱ። ተአምር የጠበቅን አፈርን፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት እጀታው አሁንም ይንገጫገጭ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ረገበ። "ሐሳቡ አልሄደም፤ ጩኸቱን ነው የቀነሰው" ይሉኛል።

የክርስትናው ጠዋት ታክሲ ልይዝ ቀድሜ ወረድኩ። ወይዘሮ ማናዬ ተከተሉኝ፤ ጋሽ ሙሉሰው ትንሽ ዘግይተው ወረዱ፤ ዞር ግን አላሉም። ክርስትናው ወዳለበት ወደ ፉሪ ጉዞ ጀመርን። ገና ከጀሞ ሳንወጣ "ወራጅ አለ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ወይዘሮ ማናዬ ክው አሉ።

የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ቧንቧዬን ከፍቼ ነው የመጣሁት!

ጋሽ ሙሉሰው ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

"ቁጭ በል፤ ቁልፍህ እኔ ጋ አይደል? ስወርድ ዘግቼልሃለሁ።"

ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩና ዝግ ባለ ድምፅ፣ "አንዴ ብቻ ነው ያየኋት" አሏቸው።