ብርቱካንን የጠየቅኩበት ቅጽ

እኛ ሰፈር ሰው ሲጠየቅ ጠያቂው ቀድሞ የራሱን ያወራል። የጎረቤትሽ ላም ታማ እንደሆነ ማወቅ ብትፈልጊ፣ መጀመሪያ የራስሽ ላም እንዴት ሣር እምቢ እንዳለች፣ ዝናቡ እንዴት እንደዘገየ፣ ባልሽ እንዴት እንደተነጫነጨ ታወሪያለሽ። ላም ባይኖርሽ የእህትሽን ላም ታሳምሚያለሽ። ያን ጊዜ እሷም የሆዷን ታወጣለች። እንዲሁ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ምን ሆንሽ?» ማለት የፖሊስ ነው።

ቢሮ ግን ሌላ አገር ነው። ይህን ያወቅኩት እዚሁ ሶዶ፣ ከስደት የተመለሱ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት ለሦስት ወር አፓረንት፣ ለሥራ ልምምድ፣ በገባሁ ጊዜ ነው። አፓረንት የሚወጡት የኮሌጅ ልጆች ናቸው፤ እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የልጅ እናት ነኝ። ወላይትኛም አማርኛም ስለምችል፣ ፊደልም ስለምለይ፣ «እስቲ ትሞክር» ተባልኩ። የሚጠሩኝ በልጄ ስም «የሜሮን እናት» ብለው ነው። ስለ ሜሮን የምሰጋውን መንግሥት እንደ ሥራ ቢቆጥርልኝ ኖሮ ይሄኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር።

የሚያሠለጥኑን ነርስ ሲስተር ማርታ ሕጋቸው አጭር ነው፤ ጥያቄውን እንዳለ አንብቢ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ የሰማሽውን ብቻ ጻፊ።

ብርቱካን እዚህ አጠገብ ካለችው ተበላ ከተማ የመጣች ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰችና አፏን ዘጋች። ትበላለች፣ ልብሷን ታጥባለች፤ ቃል ግን የለም። እናቷ ከተበላ በሚኒባስ እንደ ድንች የሚቀቀለውን ቦዬ ይዘው ይመጣሉ፣ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይውላሉ፣ ይመለሳሉ። እስከ ዓርብ ካልተናገረች አዲስ አበባ ሪፈር ሊጻፍላት ነው። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ «ገና አሁን መጣችልኝ ብዬ?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

የኮሌጅ ልጆቹ ሞክረው አልሆነም። ሐሙስ ዕለት የመጠይቁ ቅጽ እኔ እጅ ገባ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከእንቅልፍዎ ደንግጠው ይነቃሉ?» እያንዳንዱን ፊደል እየረገጥኩ ስላነበብኩት፣ ጥያቄ መሆኑን እኔም ያወቅኩት መጨረሻው ላይ ነው። ከዚያ ዝም አልኩ። እሷም ዝም። አላስቻለኝም።

«እኔ እነቃለሁ» አልኳት በወላይትኛ። «ልጄ ትተነፍስ እንደሆነ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር እደቅናለሁ። እሷ ታስነጥሳለች፣ እኔ ተመስገን እላለሁ፣ ባሌ ይራገማል።»

የሰማሽውን ጻፊ ተብዬ የለ? «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

«ያለ በቂ ምክንያት ይሰጋሉ?» እዚህ ላይማ ምክንያቶቼ በቂ መሆናቸውን ማስረዳት ነበረብኝ። ባጃጅ አለ። የጎረቤት ውሻ አለ። ዳጣ በነካ እጇ ዓይኗን ብታሽስ? አቮካዶ ከዛፍ ወርዶ አናቷን ቢላትስ? አሁንም «አዎ»። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ብርቱካን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ስድስተኛው ላይ፣

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«አራት።»

«አራት ዓመት ሙሉ ስትተነፍስ ኖራለች እንግዲህ። ተያት እንጂ ትተኛበት።»

ከዚያ ወሬው መጣ። እዚያ ያሳደገችው ሕፃን ነበር፤ በሁለት ወሩ ተቀብላ አፉን እስኪፈታ በጀርባዋ ያዘለችው። ክፉ ቀንም ነበር፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። «ሁሉም መቱሽ ወይ ይሉኛል» አለች። «ማን ናፈቀሽ ያለኝ የለም። ልጁ እንደተኛ ነው የወጣሁት።»

እኔም አልጠየቅኳትም ነበር። ቅጹ ላይ የለማ።

ሲስተር ቅጹን አይተው ፊታቸው ተለወጠ። «ይቺ ልጅ ከባድ ሁኔታ ላይ ናት። ዓርብን አንጠብቅም፤ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ትሂድ» ብለው ስልክ አነሱ። እውነቱን ብናገር መባረሬ ነው፤ ዝም ብል ብርቱካን በእኔ በሽታ ልትሄድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰው ላይ ጭኖ ስለሚልከው ግን ተረት አልተተረተም።

«ሲስተር፣ ይሄ እኔ ነኝ።»

«የቱ?»

«ሁሉም።»

ስልኩን አስቀመጡ። ቅጹን አዩ፣ እኔን አዩ። «ብርቱካንስ?»

«ከእናቷ ጋር እየተጣላች ነው።»

መስኮቱን ከፈትኩላቸው። ብርቱካን ደጅ ላይ «እማዬ፣ ይሄ ቦዬ ምነው አልበሰለም?» ትላለች። እናቷ፣ ለሁለት ሳምንት ያንን ድምፅ ሲለምኑ የከረሙት ሴትዮ፣ እንባቸው እየወረደ «አፍሽን ዝጊና ብይ» ይላሉ።

ዓርብ ብርቱካን ከእናቷ ጋር ተበላ ገባች። እኔም አልተባረርኩም። ቅጹም አልተቀደደም፤ ሲስተር የብርቱካንን ስም ሰርዘው የእኔን ጻፉበትና ማክሰኞ ማክሰኞ ቀጠሮ ሰጡኝ። ብርቱካንም ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ከቤት ስትወጣ «ያቺን ምስኪን ልያት» ብላ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ለባሌ «አንዲት ልጅ እከታተላለሁ» እለዋለሁ።

ማን ማንን እንደሚከታተል ሲስተርን ጠየቅኳቸው።

«ሁለታችሁም እንዳትቀሩ» ብቻ አሉኝ።