ማነው የነፋው?

[መካኒሳ፣ ቢራቢሮ የሚታይበት የመስታወት ቤት ውስጥ። የጀሞ ተማሪዎች ሊጎበኙ እየመጡ ነው። ኃላፊው ቀጄላ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም፤ ዛሬ ግን ወለሉ ላይ የወደቁትን ቢራቢሮዎች እያየ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል። ለልጆቹ የሚያሳየው ካጣ ቤቱም ይዘጋል፣ እሱም ከሥራ ይወጣል። ፊት ለፊቱ አዲሱ በር ጠባቂ ደምሰው ቆሟል።]

ቀጄላ፦ ነፍተሃል አልነፋህም?

ደምሰው፦ ነፍቻለሁ ጋሼ። መች ካድኩ?

ቀጄላ፦ አያፍርም ደግሞ። ማነው ንፋ ያለህ?

ደምሰው፦ እርስዎ ነዎት። «ልጆቹ ሳይመጡ ንፋ» አሉኝ።

ቀጄላ፦ እኔ? ክሽክሽ የሚባለው ተባይ እንኳ ቅጠል ሲወር በሳሙና ውሃ የማጥበው ሰውዬ? ክሽክሹን የሚበላ ጥንዚዛ ፈልጌ የምለቀው? በምን ነፋኸው?

ደምሰው፦ በአፌ።

ቀጄላ፦ [ራሱን ይዞ] በአፍህ? እንዴት አልሞትክም ታዲያ?

ደምሰው፦ ትንሽ አዞረኝ። ቁጭ ስል ተወኝ።

ቀጄላ፦ ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።

ደምሰው፦ ለዚህች ምን ሐኪም ቤት ያስኬዳል? ቀዩ ፈነዳብኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ቀጄላ፦ ፈነዳ?

ደምሰው፦ እከንፈሬ ላይ። [ከበሩ ጀርባ ቢጫ ፊኛ ያወጣል] ይኸው፣ እነዚህ ግን ተርፈዋል።

[ቀጄላ ፊኛ ንፋ ማለቱ አሁን ትዝ አለው። እፎይ ሊል ሲል ሌላ ቢራቢሮ እግሩ ሥር ወደቀች።]

ቀጄላ፦ ታዲያ ፍሊት የነፋው ማነው?

ደምሰው፦ ፍሊት ይገድላቸዋል እንዴ?

ቀጄላ፦ ላንተ ማስረዳት ድካም ነው። ተባይን የሚገድል ቢራቢሮን ይምራል? የግድ እዚህ መነፋትም የለበትም፤ ልብሱ ላይ ይዞት የገባ ሰው ይበቃል።

ደምሰው፦ ኮትም ልብስ ነው?

ቀጄላ፦ ምን ሊሆን ኖሯል?

ደምሰው፦ አይ፣ ጠዋት በር ላይ «ትኋን ሲበላኝ አደረ፤ ኮቴን ፍሊት አርከፍክፌበት መጣሁ» ብለውኝ ስለነበር ነው።

[ቀጄላ ክንዱን አንስቶ ኮቱን አሸተተ። ደጅ የተማሪዎቹ መኪና ጥሩምባ ተሰማ።]

ቀጄላ፦ መጡ። ምን ይሻለኛል፣ ደምሰው?

ደምሰው፦ ጣሪያው ሥር ያሉት ገና ይበራሉ። እኔን ደግሞ «በዚህ በር ተባይ እንዳታስገባ» ብለውኝ ነበር፤ አንድ አምልጦኝ ገብቷል። [በሩን ከፍቶ ፊኛውን ያስታቅፈዋል] ይውጡልኝ፣ ጋሼ።