ከንፈር መምጠጥ የተከለከለበት ቤት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ለበሽተኛ ጠያቂ ግማሽ መድኃኒቱ ነው» ማለት ይወድ ነበር። ጠያቂው ራሱ በሽታ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን ሳይነግረን ሞተ። መቼም እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የታመመ ሰው ቤት ስንደርስ ፊታችንን ደጃፉ ላይ እንቀይራለን። ከዚያ ገብተን ተቀምጠን ከንፈራችንን እንመጥጣለን። በሽተኛው በቁሙ ተዝካሩን ያያል።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ይልማን ሐኪም ቤት «ከእንግዲህ አይድኑም፤ ሥራችን ሕመማቸውን ማስታገስ ነው» ብሎ ሲመልሰው፣ ቀራንዮ ያለው ቤቱ ይዘነው ገባን። ሐኪሙ ስንወጣ አንድ ነገር ጨመረ፤ «የሚፈልጉትን እሳቸውን ጠይቋቸው።»

ጉድ እኮ ነው። አክስት ጠበል ብላለች፣ አማች ውጭ አገር ብሏል፣ ጎረቤት ማር በነጭ ሽንኩርት ብሏል። በሽተኛውን «አንተስ?» ያለው አልነበረም።

«ማስታገሻዬን በሰዓቱ ስጡኝ» አለ ወንድሜ። «ጢሜን ላጩኝ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ልሙቅ፣ መንገደኛ ልይ። ከንፈር የሚመጥጥ ግን እንዳይገባብኝ። ገና አልሞትኩም።»

ጸሎተኛ ነህ፣ ሰው ያከብርሃል ተብዬ በረኛ ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን ጢሙን ስላጭ የጉንጩ አጥንት እጄ ላይ መጣብኝ። ሳላስበው ከንፈሬን መጠጥኩ።

«ውጣ» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አንተም ብትሆን። ምላጩን ለሚስቴ ስጥና ውጣ።»

የተባረረ ሰው ቢኖር በረኛው ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ እሱን ባትተውልኝ እንኳ ከንፈሬን ያዝልኝ» አልኩ።

ሕጉ ሲሰማ ግማሹ ሰው ተቀየመ፤ ግማሹ ጨዋታ ይዞ መጣ። ጎረቤታችን ሐጂ፣ ድሮ ከወንድሜ ጋር በውሰት ብስክሌት ቦይ የገቡበትን ቀን እያነሱ ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ሕመሙ ሲነሳ ማስታገሻውን እንሰጠዋለን፤ ጋብ ሲልለት የታክሲ ረዳቶችን መተረቡን ይቀጥላል። እየሄደ እንደሆነ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። እሱ ግን እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔን እምቢ ብሎኛል።

ባለፈው ሐሙስ ደጅ ተቀምጠናል። እሱ ተላጭቶ፣ ባርኔጣውን ጋደል አድርጎ፣ እየሳቀ። እኔ ጢሜ አድጎ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ። አንዲት የማናውቃት ሴት፣ አዲስ ተከራይ ነኝ፣ እዚህ ግቢ የታመመ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ ነው ብላ ቆመች። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ላስረዳት አፌን ስከፍት ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦

«እግዜር ይማርዎ፣ አባቴ። እንዲህ ያለ ሳቂታ አስታማሚ እያለዎት ምን ያስተክዝዎታል?»