የማተብ ዘበኛው

ለልጁ ትምህርት ቤት የሚመርጥ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቢቸና ላይ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴን ጋሽ ጥሩነህን። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሞልቷል ተባሉ። ሴት ልጃቸውን ሞጣ ልከው ቀለብ እንዳይሰፍሩ አቅም የለም። የቀረችው ካቶሊኮች የከፈቷት ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ናት፤ ክፍያዋም እንደ ቤቷ ትንሽ ነው።

የነፍስ አባታቸው ግን «ማተቧን ይበጥሱባታል!» ብለው ተቆጡ።

ጋሽ ጥሩነህ ቆራጥ ሰው ናቸው። «ትማራለች! ማተቧን እኔው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አሉ።

እንዳሉትም ጭራቸውንና ከዘራቸውን ይዘው ከክፍሉ የኋላ አግዳሚ ላይ ተሰየሙ። መነኩሲቷ መምህርት ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ፣ የእሳቸው ዓይን ከልጃቸው አንገት አይነቀልም። እንዲህ ያለ ዘብ የጃንሆይ ግቢስ ነበረው?

በሦስተኛው ወር ልጅቷን ጉንፋን ጣላት። ጠዋት ልጠይቃት ስሄድ፣ አባትየው ደብተር በብብታቸው ሸጉጠው ሲጣደፉ በር ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ ልጅቷ ተኝታ ዛሬ የማንን ማተብ ሊጠብቁ ነው?» አልኳቸው።

«ዞር በል ባክህ!» አሉኝ። «በስምንት ማባዛት ላይ ልጆቹ የሳቁብኝ ይበቃኛል፤ ዛሬ በዘጠኝ ነው!»