ፊቱን ወደ ለንደን ያዞረ መንጣሪ

(ዌልስ ገጠር ውስጥ። የጥንቱን የእንፋሎት ባቡር ያለ ክፍያ ከሚንከባከቡት ጡረተኞች ሁለቱ፣ ሲረልና ኤምሊን፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ሐዲዱ መሐል ቆመዋል። በወዲህም በወዲያም ቁጥቋጦ ነው። ሲረል የአጥር መቀስ ይዟል፤ ኤምሊን የሻይ ፔርሙዝ አቅፏል።)

ሲረል፦ ግራ በዚያ አይደለም አልኩህ።

ኤምሊን፦ አለቃችን ፕሮበርት "በግራ ያለውን መንጥሩ" ነው ያለን። ግራ እጄ ይኸው፣ ሰዓት ያሰርኩበት።

ሲረል፦ እጅህን ተወው። የባቡር ሰው ግራና ቀኙን የሚለየው ፊቱን ወደ ለንደን አዙሮ ነው። ዙር።

ኤምሊን፦ ለንደን ሄጄ አላውቅም እኮ።

ሲረል፦ ዙር እንጂ ሂድ አላልኩህም። (ኤምሊን ዞረ።) አሁን ግራህ የት ነው?

ኤምሊን፦ አብሮኝ ዞሯል።

ሲረል፦ በቃ፣ የምንመነጥረው ያንን ነው።

ኤምሊን፦ እሱ እንኳ የሰው አጥር ይመስላል።

ሲረል፦ ዕድሜ ልኬን ስለ ባቡር ያነበብኩ ሰው አጥርና ጫካ አልለይም? እስከ ምሳ ከጨረስን እሁድ ከባቡር ነጂው ጎን እቆማለሁ። የፊሽካውን ገመድ የምስበው እኔ ነኝ፤ ፕሮበርት ቃል ገብቶልኛል።

ኤምሊን፦ እኔ እሁድ መሳፈሬንም እንጃ። ኒሪስ "የቤቱን ሥራ ሳትጨርስ ባቡር የለም" ብላለች። ካቻምና የጀመርኩት ነው። ሥራው ምን መሰለህ...

ሲረል፦ የቤትህን ጉድ ለቤትህ። ሚስት ይፈራል እንዴ?

ኤምሊን፦ አንተ አትፈራም?

ሲረል፦ እኔ ሚስቴን አስተምራታለሁ።

ኤምሊን፦ ለካ ለዚህ ነው እህቷ ጋ የሰነበተችው። (መቀሱን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።)

ሲረል፦ ተው፣ አንተ አቆራረጥ አታውቅም። ቅርንጫፉን ጎትት።

(ሲረል ይቆርጣል፣ ያልበዋል። ኤምሊን ይጎትታል። ከቁጥቋጦው ሥር ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣ ለግቢ ጌጥ የሚቆም የሸክላ ድንክ፣ ዓሣ ማጥመጃ እንደያዘ ብቅ አለ።)

ኤምሊን፦ አንተ እዚህ ነህ? ስንፈልግህ ከረምን እኮ።

ሲረል፦ ከማን ጋር ነው የምታወራው? እሱ የድሮ የሐዲድ ምልክት ነው። ቀይ ኮፍያ፣ ቁም ማለት ነው።

ኤምሊን፦ ዓሣ ማጥመጃውስ?

ሲረል፦ ለረጅም ጊዜ ቁም።

(ኤምሊን ሊናገር አፉን ከፈተ። የተቆለለውን ቅርንጫፍ አየ። የቀረውንም አየ። አፉን ዘጋና ሻይ ቀዳ።)

ሲረል፦ ትጠጣለህ እንዴ፣ እኔ እየሠራሁ?

ኤምሊን፦ እያየሁ እየተማርኩ ነው። እዚያ ጥግ ላይ አንድ ቀርታሃለች። ከታችም ትንሽ አስተካክላት።

ሲረል፦ አየህ? ቀስ በቀስ ይገባሃል። (የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ቆረጠ። ወዲያ ማዶ ገመድ ላይ የተሰጣ የውስጥ ሱሪ ታየ።) ይኼ ደግሞ... ይኼ ባንዲራ ነው። ነጂው ፍጥነት እንዲቀንስ።

ኤምሊን፦ እኔን እንኳ አፍጥን የምትለኝ ያቺን ሱሪዬን ስለብስ ነው።

ሲረል፦ ማን ናት?

ኤምሊን፦ ኒሪስ።

(አንዲት ሴትዮ የልብስ ቅርጫት ይዛ በተከፈተው ቦታ ብቅ አለች።)

ኒሪስ፦ ኤምሊን! አጥሩን ቆረጥከው? በስመ አብ! እኔ እኮ ሳልሞት አላየውም ብዬ ነበር።

ኤምሊን፦ ከጓደኛዬ ጋር ነው። እሱ ትንሽ አግዞኛል።

ሲረል፦ ቤትህ ነው? ቤትህ ሆኖ ነው ዝም ያልከኝ?

ኤምሊን፦ ምን ዝም አልኩህ? አጥር ይመስላል አልኩህ። የቤቱ ሥራ ምን መሰለህ ብዬ ጀመርኩልህ። ያቺ ሱሪም የኔ ናት አልኩህ።

(ሲረል ቀስ ብሎ ዞረ። ከሐዲዱ ማዶ ፕሮበርት መንጥሩ ያለው ቁጥቋጦ ቅጠሉ እንኳ ሳይነካ ቆሟል። የምሳ ደወል ተሰማ።)

ሲረል፦ ፊሽካዬ...

ኒሪስ፦ ኤምሊን፣ እሁድ መሳፈር ትችላለህ። ከፈለግህ መስኮት ዳር ተቀመጥ።

ኤምሊን፦ እግዜር ይስጥልኝ። (ለሲረል ሻይ ቀዳለት።) አይዞህ ወንድሜ፣ እንካ ጠጣ። ያንን አብረን እንመነጥረዋለን፤ እሁድ ገና ነው።

ሲረል፦ (እየጠጣ) አንተ ግን ክፉ ሰው አይደለህም።

ኤምሊን፦ አይደለሁም። ሲረል፣ ስማኝማ... የቤታችን አሸንዳም በቅጠል ተደፍኗል።

ሲረል፦ ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?

ኤምሊን፦ ምንም። ፊቱ ወደ ለንደን ነው ልልህ ነው።